ኤክሴል የሐሙስን ዕቃ ይቆጥራል፣ ጸሎተ ሐሙስን ግን አያውቅም

ማታ 12 ሰዓት ላይ ዲስፓቸሩ፣ ሞተረኞችን የሚመድበው ሰው፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ነገ ስንት ሞተረኛ ይግባ? ከበዛ ሞተረኛው መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ካነሰ የዛሬው ዕቃ በነገው ላይ ይደረባል፣ ደንበኛውም ስልኩን ያጨናንቀዋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን የሚሉ ውድ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። እዚህ የሚገመገመው ግን ብዙ ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖት ሳያየው የሚያልፈው መሣሪያ ነው፦ ከኤክሴል 2016 ጋር የመጣው ፎርካስት ሺት፣ ከሥሩም ያለው ፎርካስት.ኢቲኤስ የሚባለው ፎርሙላ። መለኪያው አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ፣ በቀን ጥቂት መቶ ኦርደር ያለው ድርጅት ነው።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለሳምንቱ ሮስተር (የሥራ ተራ ምደባ) ጥሩ መሣሪያ ነው። ለነገ ጠዋት ከእሱ የሚሻል ቀላል መንገድ አለ። ለበዓል ሰሞን ብቻውን ከተተወ ያሳስታል። የሚሰጠውም የዕቃ ቁጥር እንጂ የሞተረኛ ቁጥር አይደለም። ከዕቃ ወደ ሞተረኛ የሚያሻግረው ስሌት የተጠቃሚው ነው፣ ብዙው ገንዘብ የሚፈሰውም እዚያ ላይ ነው።

ፎርሙላው ካለፈው መዝገብ ሦስት ነገር ለይቶ ያወጣል፦ አሁን ያለንበትን ደረጃ፣ እየጨመርን ነው ወይስ እየቀነስን የሚለውን አዝማሚያ፣ በየስንት ቀኑ የሚመላለሰውን ዑደት። የቅርቡን ቀን ከሩቁ አስበልጦ ይመዝናል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንድ አምድ ቀን፣ አንድ አምድ የዕቃ ብዛት ይዛችሁ ዳታ የሚለው ትር ውስጥ ፎርካስት ሺትን ትጫናላችሁ። ኦፕሽንስን ከፍታችሁ ሲዝናሊቲ የሚለውን በእጃችሁ 7 አድርጉት። ራሱ ፈልጎ ያግኝ ብላችሁ አትተዉት። የሁለት ሦስት ወር መዝገብ ውስጥ አንድ በዓልና አንድ የኢንተርኔት መቋረጥ ካለ ሌላ ቁጥር ሊያወጣ ወይም ዑደት የለም ሊል ይችላል። የሰው ልጅ በሳምንት እንደሚኖር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማሽኑ እንዲገምት ማድረግ አያስፈልግም።

ቁልፉን ስትጫኑ የሚወጣው ሺት የመዝገባችሁ ቅጂ ነው። ነገ የምታስገቡት አዲስ ቀን እዚያ አይደርስም፣ በየሳምንቱ እንደገና መጫን ይኖርባችኋል። ስለዚህ ሺቱን ለመተዋወቂያ ተጠቀሙበትና ሥራውን በፎርሙላው ቀጥሉ። የሚፈልጋቸው ነገሮች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ የሚተነበየው ቀን፣ የብዛቱ አምድ፣ የቀኑ አምድ፣ ዑደቱ (7)፣ የጎደለ ቀን እንዴት ይሞላ የሚለው፣ የተደገመ ቀን እንዴት ይጠቃለል የሚለው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብዙ ሰው ባዶ ይተዋቸዋል። የሚነድዱትም እዚያ ነው።

የተደገመውን እንይ። መዝገቡን የሚያስገባው ሰው የጠዋቱን ዙር 180፣ የከሰዓቱን 240 ብሎ በአንድ ቀን ሁለት መስመር ይጽፋል እንበል። የዕለቱ ዕቃ 420 ነው። ኤክሴል ግን አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሲያይ ካልተነገረው በስተቀር አማካዩን ይወስዳል፣ 210። ስህተት ብሎ አይጽፍም፣ ቀይ አያደርግም። ትንበያው ልክ ግማሽ ሆኖ፣ ግራፉም ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ የመጨረሻው ቦታ ላይ 7 መጻፍ ነው፣ ደምር ማለት ነው። ከዚያ የሚሻለው ግን ፎርሙላው ጋ ከመድረሱ በፊት በቀን አንድ መስመር ብቻ እንዲኖር አድርጎ መደመር ነው።

የቀን አምድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የእኛው አገር ነው። ኤክሴል የሚጻፍለትን ቀን በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀን፣ በወር፣ በዓመት ቅደም ተከተል ከገባ፣ መስከረም ጥር መስሎት ይቀጥላል። መስከረም 30 ሲያልቅ ጥቅምት 1 ይመጣል፤ ኤክሴል ግን መሀል ላይ «31» ስለጠፋችበት አንድ ቀን ጎድሏል ብሎ በግምት ይሞላታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማክሰኞው ረቡዕ ሆነ ማለት ነው። ጥቅምት 29 እና 30፣ 2017 ሲደርስ ደግሞ የካቲት 29 እና 30 የሚባል ቀን በፈረንጁ 2017 ስለሌለ ሁለቱም ሴሎች ቀን መሆናቸው ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቁጥርና ቀን ወደ ቀኝ ሲጠጋ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ብዙ ሰው ስህተቱን ለማጥፋት እነዚያን ሁለት መስመሮች ሰርዞ ያልፋል፣ ዑደቱም እንደገና በሁለት ቀን ይዛነፋል። ጳጉሜማ 13ኛ ወር ናት። ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አሠራር ከተስተካከለ ጳጉሜ 3፣ 2016 ብላችሁ 3/13/2016 ብትጽፉ ያለምንም ቅሬታ መጋቢት ውስጥ ያስቀምጣታል።

መፍትሔው የፈረንጁን ቀን ለፎርሙላው፣ የእኛን ቀን ደግሞ ለዓይን ብቻ በጽሑፍ መያዝ ነው። ለመቀየር ፕሮግራም አያስፈልግም። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ላይ 7 ስትደምሩ መስከረም 1 የሚውልበትን የፈረንጅ ዓመት ታገኛላችሁ፣ ቀኑም ሴፕቴምበር 11 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 እኩል የሚካፈል ከሆነ ብቻ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ 2016 እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወሩ ላይ 1 ቀንሳችሁ በ30 ታበዛላችሁ፣ ከቀኑ ላይም 1 ቀንሳችሁ ትደምራላችሁ፤ የወጣውን በዚያ ሴፕቴምበር ቀን ላይ ትጨምራላችሁ። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሌ 30 ስለሆነ ይህ አንድ መስመር ፎርሙላ እስከ 2092 ዓ.ም. ድረስ ይሠራል። ለፈረንጁ ወር እንዲህ ያለ ምቾት የለም።

እሑድ የማይሠራ ድርጅት ሌላ ምርጫ ይገጥመዋል። ከሰባት ቀን አንዱ ሲጎድል 14 በመቶ ገደማ ነው፣ ፎርሙላው እስከ 30 በመቶ ጉድለት ይችላል፣ ስለዚህ አይከለክላችሁም። ካልነገራችሁት የቅዳሜና የሰኞን አማካይ እሑድ ላይ ይጽፋል፤ የሌለ ሥራ ነው፣ ግን እሑድን ዓይታችሁ ካለፋችሁት ብዙም አይጎዳም። የጎደለውን ዜሮ ቁጠር ካላችሁት ግን እሑድን ብቻ ሳይሆን የተዘጋበትን ማንኛውንም ቀን ዜሮ ያደርጋል፤ ገና ማክሰኞ ከዋለ ቀጣዮቹ ማክሰኞዎች ሁሉ ዝቅ ብለው ይተነበያሉ። ንጹሑ መንገድ የሥራ ቀኖችን ከ1 ጀምሮ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ዑደቱን 6 ማድረግ ነው። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ በሥራ ቀን ላይ የዋለ በዓልም ተራ ቁጥሩን አይነጠቅም። መስመሩ ይቆያል፣ ብዛቱ ግን ባለፉት አራት ሳምንታት የዚያው ዕለት አማካይ ይሞላል።

እዚህ ላይ ሁለት አምድ እንዲኖር ግድ ነው፣ አንዱ እውነተኛው፣ አንዱ የጸዳው። እውነተኛውን ደምስሶ የጸዳውን በላዩ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በዓል ሲመጣ የሚያየው ነገር አይኖረውም።

የትኛውን ቁጥር እንቁጠር የሚለው ከፎርሙላው ይበልጣል። አብዛኛው መዝገብ የደረሰውን ዕቃ ይቆጥራል፣ ምክንያቱም ሒሳብ የሚዘጋው በእሱ ነው። ግን 14 ሞተረኛ በገባበት ቀን 500 ኦርደር ቢመጣም የሚደርሰው 14 ሰው የቻለውን ያህል ነው። ያንን ቁጥር ለኤክሴል ስትሰጡት የራሳችሁን አቅም መልሶ ይተነብይላችኋል፦ ትናንት ያልቻላችሁትን ነገም እንደማትችሉት። መቆጠር ያለበት ደንበኛው ይድረሰኝ ባለበት ቀን የወደቀው ኦርደር ነው፣ ደረሰም አልደረሰም። በአንድ ሻጭ ላይ የተንጠለጠለ ሥራም ከመዝገቡ መለየት አለበት። ቲክቶክ ላይ ቅናሽ አውጆ በአንድ ቀን 150 ዕቃ የሚልክ የልብስ ነጋዴ ካለ የእሱን መጠን የሚያውቀው ራሱ ነው። ከድምሩ አውጡት፣ ረቡዕ ረቡዕ ደውላችሁ ጠይቁት። አንድ የስልክ ጥሪ የሚሰጠውን መረጃ የትኛውም ፎርሙላ አይሰጥም።

በዓልና የሚንቀሳቀስ ቀን

ኤክሴል አንድ ዑደት ብቻ ይይዛል። 7 ካላችሁት ሳምንትን እንጂ የደመወዝ ሰሞንን፣ ጾምን፣ በዓልን አያውቅም። የእኛ በዓላት ደግሞ በሦስት ዓይነት ይመላለሳሉ፣ ሦስቱም የተለየ አያያዝ ይፈልጋሉ።

ፋሲካ ዕለቱ አይለወጥም፣ ቀኑ ነው የሚሄደው። በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ነው፤ ሁሌም ግን እሑድ ነው። ስለዚህ የአምናን ጸሎተ ሐሙስ ከዘንድሮው ጸሎተ ሐሙስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ገና በተቃራኒው ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀኑ ቆሞ ዕለቱ ይዞራል፦ በ2016 እሑድ፣ በ2017 ማክሰኞ፣ በ2018 ረቡዕ። የገና ዋዜማ ቅዳሜ ሲሆንና ሰኞ ሲሆን የሚመጣው ዕቃ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የሚወዳደረው ቁጥሩ ሳይሆን ከዚያ ዕለት ተራ መጠን ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ዒድ ደግሞ የጨረቃ ዓመቱ ከፀሐዩ 10 ወይም 11 ቀን ስለሚያንስ በየዓመቱ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ቀኑም ጨረቃ እስክትታይ አይቆረጥም። ለዒድ አል ፈጥር ሁለት ሮስተር ይዘጋጃል፣ ማታ ላይ አንዱ ይመረጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። በእያንዳንዱ በዓል ዙሪያ ከሦስት ቀን በፊት እስከ ሁለት ቀን በኋላ ያለውን እውነተኛ ብዛት ከጸዳው አምድ ላይ ላለው ተራ መጠን አካፍሉት። ተራ ሐሙስ 420 ሆኖ ጸሎተ ሐሙስ 610 ከመጣ 1.45 ትጽፋላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ፎርሙላው የተነበየውን በ1.45 ታበዛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በቫን ለሚሠሩ ወገኖችም ነገሩ ያው ነው፦ ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ እንደ ፋሲካ፣ የእነሱ ገና ደግሞ ዲሴምበር 25 ላይ ስለቆመ እንደ እኛው ገና ይያዛል።

የደመወዝ ሰሞንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ወሩ ከገባ ከ25 እስከ 30 ያሉትን ቀኖች ከተራው ጋር አካፍላችሁ አማካይ ማባዣ ታወጣላችሁ። የግል ድርጅትና የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ቀን እንደማይከፈላቸው፣ በፈረንጅ ወር የሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶችም እንዳሉ ልብ በሉ፤ የደንበኞቻችሁ ማዕበል አንድ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ጉድለት፦ የኤክሴል ፎርሙላ ዑደቱን በመደመር እንጂ በማባዛት አይሠራም። ሰኞ ከአማካዩ በ60 ዕቃ የሚበልጥ ከሆነ ሥራችሁ በእጥፍ ቢያድግም ሰኞ ላይ የሚጨምረው ወደ 60 ገደማ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚማረው። በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ብዛቱን ወደ ሎጋሪዝም ቀይሮ፣ ተንብዮ፣ መልሶ ቢፈታው ይሻለዋል። ተመልሶ የሚወጣው ቁጥር ከአማካዩ ጥቂት ያነሰ ይሆናል፣ ለዕለት ሥራ ግን አይከብድም።

ከዕቃ ወደ ሞተረኛ

እንበል ፎርሙላው ለሐሙስ 420 ዕቃ አለ። አንድ ቤት ሁለት ዕቃ የሚቀበል ስላለ መጀመሪያ ወደ መድረሻ ይለወጣል። በአማካይ በአንድ መድረሻ 1.2 ዕቃ ካለ 350 መድረሻ ይሆናል። ከትናንት ያልተሳካ አለ፦ ስልኩን ያጠፋ፣ «ነገ አምጡልኝ» ያለ፣ ብር ያልያዘ። ከመቶ 12 ከሆነ 42 መድረሻ ይጨመራል፣ 392 ደረሰ። ይህንን 12 ረስቶ የሚያቅድ ዲስፓቸር ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ እያጠረበት ቅዳሜ ላይ ለምን እንደተከመረ አይገባውም።

ቀጥሎ ደቂቃ። አንድ መድረሻ 17 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፣ 11 መንገድ፣ 6 ርክክብ። ርክክብ 6 ደቂቃ ሲባል የሚገረም ይኖራል። ግን ቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሞተረኛ የለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ተብሎ ሄዶ ይደውላል፣ አይነሳም፣ ደግሞ ይደውላል፣ ደንበኛዋ ከአራተኛ ፎቅ ትወርዳለች፣ ሳጥኑን ከፍታ ታያለች፣ ከዚያ ሁለት ሺህ ብር ዘርግታ መልስ ትጠይቃለች። በቴሌብር የከፈለ ደንበኛ ላይ የመልሱ ጣጣ ይቀራል። ማታ ላይ ደውሎ «ነገ ጠዋት ቤት አሉ?» ብሎ ያረጋገጠ ድርጅት ደግሞ ከርክክቡ ደቂቃም ከ12 በመቶውም ያተርፋል። የመንገዱንና የርክክቡን ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ብቻ ከሞተረኛው ስልክ ላይ ሰዓት እየወሰዳችሁ ለኩ፤ ትንበያውን ለማሻሻል ከምታጠፉት ጊዜ በላይ ይከፍላችኋል።

የሞተረኛው ቀን 9 ሰዓት ቢሆንም 540 ደቂቃ ሁሉ መንገድ ላይ አያልፍም። ምሳ 45፣ ጭነት 30፣ ማታ ገንዘብ ማስረከብ 30፣ ነዳጅ 15 ሲቀነስ 420 ይቀራል። ነዳጅ ሰልፍ በሆነበት ሳምንት ያ 15 የትም አይበቃም። 392 መድረሻ በ17 ሲባዛ 6664 ደቂቃ፣ ለ420 ሲካፈል 15.9፣ 16 ሞተረኛ። ከዚሁ የምትወጣ አንዲት ጠቃሚ ቁጥር አለች፦ አንድ ሞተረኛ በቀን ወደ 25 መድረሻ፣ ማለትም ወደ 30 ዕቃ ይሠራል። የትንበያ ስህተት 30 ዕቃ ከሆነ የተሳሳታችሁት አንድ ሞተረኛ ነው። 8 ዕቃ ከሆነ ምንም አልተሳሳታችሁም።

ይህ ስሌት ግን የትንበያውን መሀለኛ መስመር ይዞ ነው፤ መሀለኛው ማለት ከሁለት ቀን በአንዱ ያጥራችኋል ማለት ነው። ለዚህ ኤክሴል ኮንፊንት የሚል መጨረሻ ያለው ሌላ ፎርሙላ አለው፣ ከመስመሩ በላይና በታች ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ይናገራል። ካልነገሩት 95 በመቶ ይዞ ይሠራል፣ ያ ለሞተር ሥራ በጣም ሰፊ ነው፤ በእሱ ያቀደ ድርጅት ሰው ቁጭ አድርጎ ይከፍላል። ስንት በመቶ ይሁን የሚለውን ኪሳችሁ ይወስነዋል። ሥራ ያጣ ሞተረኛ በቀን 500 ብር የሚያስወጣችሁ፣ የጎደለ ሞተረኛ ደግሞ በኮንትራት ሞተርና በተመላሽ ዕቃ 2000 ብር የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ 2000ን ለሁለቱ ድምር ለ2500 አካፍሉ፦ 80 በመቶ። ከአምስት ቀን በአራቱ የሚበቃ ሰው ያዙ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር፣ ፎርሙላው የሚጠይቀው ከላይም ከታችም የሚያቅፈውን መጠን ነው፤ ከላይ 20 በመቶ ብቻ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ከታችም 20 ይቀራልና የምትጽፉት 0.6 እንጂ 0.8 አይደለም።

በዚህ ምሳሌ ፎርሙላው ያወጣው ርቀት 40 ዕቃ ይሁን፣ በ420ው ላይ ይደመራል። 460 ዕቃ፣ 383 መድረሻ፣ ከተመላሹ 42 ጋር 425፣ በ17 ደቂቃ 7225፣ ለ420 ሲካፈል 17.2፣ ስለዚህ 18። 16ቱን አስገቡ፣ 2ቱን ተጠባባቂ አድርጉ፤ ተጠባባቂው ቤቱ ሆኖ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ስልክ ይጠብቃል፣ ለዚያ ትንሽ ይከፈለዋል።

ዝናብ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የመሪዎች ጉባኤ፣ የደመራ ዕለት፣ የጥር 10 ከተራ ትንበያው ውስጥ አይገቡም። በአብዛኛው የሚለውጡት የዕቃውን ቁጥር ሳይሆን ደቂቃውን ነው። ለክረምት የተለየ ደቂቃ ያዙ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለኩት። የዕቃውን ትንበያ ለዝናብ ብላችሁ የምትነካኩ ከሆነ አንዱን ስህተት በሌላው ታርማላችሁ፣ መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ይፈርሳሉ።

ትንበያውን ከማመን በፊት

የመጨረሻዎቹን አራት ሳምንታት ደብቃችሁ ፎርሙላው እንዲተነብያቸው አድርጉ፣ ከዚያ ከእውነቱ ጋር አነጻጽሩ። ከጎኑ ደግሞ ምንም ብልሃት የሌለውን ተፎካካሪ አስቀምጡ፦ ያለፉት አራት ሐሙሶች አማካይ። ፎርሙላው ይህንን በግልጽ ካላሸነፈ ተዉት፣ አማካዩ ይበቃችኋል፣ ለሚተካችሁ ሰው ማስረዳትም ቀላል ነው። ኤክሴል ራሱ ስታት በሚባለው ፎርሙላ ሜዝ የተባለ መለኪያ ይሰጣል፣ ከ1 በታች መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን የሚለካው ቀድሞ ያየውን መዝገብ ስለሆነ ራሱን የሚያርም ተማሪ ነው። በዚሁ ስታት ውስጥ አልፋ የሚባለውን ተመልከቱ። ወደ 1 ከተጠጋ ፎርሙላው የትናንቱን ቁጥር ብቻ እየተከተለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልጸዳ በዓል ወይም በድንገት የመጣ ትልቅ ሻጭ ነው።

ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለልም አለ። ደንበኞች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ የሚያዙ ከሆነ በአማካይ 420 የሚመጣበት ቀን እንዲሁ በዕድል ብቻ 20 ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፣ የ420 ካሬ ሥር ማለት ነው። ከሳምንት በፊት ከዚህ ያነሰ ስህተት እንሰጣለን ብሎ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። በዚሁ ምክንያት ለየሰፈሩ የተለየ ትንበያ መሥራት ኪሳራ ነው። ቱሉ ዲምቱ በቀን 6 ዕቃ ካለ የዕድሉ ከፍታና ዝቅታ 2.4 ነው፣ 40 በመቶ፤ ፎርሙላው አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይሰጣችኋል። ድምሩን ተንብዩ፣ ከዚያ ባለፉት ስምንት ሳምንታት ድርሻ ለቦሌ፣ ለሲኤምሲና ለአያት፣ ለመርካቶና ለፒያሳ፣ ለለቡና ለጀሞ አከፋፍሉ። የቦሌ ድርሻ 30 በመቶ ከሆነ 126 ዕቃ ነው። ደቂቃው ግን በየሰፈሩ ይለያያል፦ መርካቶ መንገዱ አጭር ርክክቡ ረጅም፣ አያት በተቃራኒው። 17 የሚለው አማካይ ለድምሩ እንጂ ለሰፈር አይሠራም።

ለነገ ጠዋት ሲሆን ኤክሴሉን ከፍታችሁ ትንበያውን ሳይሆን የገባውን ኦርደር ቁጠሩ። ለነገ የሚደርስ ኦርደር ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ይገባል። ባለፉት ስምንት ረቡዖች ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ለሐሙስ የሚሆነው 55 በመቶ ገብቶ የነበረ ከሆነና ዛሬ 10 ሰዓት ላይ 231 ካላችሁ፣ 231ን ለ0.55 አካፍሉ፣ 420። ይህ ዘዴ ፎርሙላው የማያውቀውን ሁሉ ያውቃል፣ ምክንያቱም ደንበኛው ራሱ ነግሯችኋል። የተወሰነው የመቶኛ ድርሻ ከዕለት ዕለት ይለያያልና ለእያንዳንዱ ዕለት ለየብቻ ያዙት። ይህ ቁጥርና የፎርሙላው ትንበያ ከ60 ዕቃ በላይ ከተለያዩ ተጠባባቂዎቹን ማታውኑ ጥሯቸው ወይም አሰናብቷቸው።

ለሞተረኛው አጭሩን መንገድ መምረጥን ከኤክሴል አትጠብቁ። ሶልቨር የሚባለው ተጨማሪ እስከ 200 ተለዋዋጭ ይቀበላል፣ የአንድ ሞተረኛን 25 መድረሻ በቅደም ተከተል ሊያስቀምጥም ይችላል። ግን በመድረሻዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ሁሉ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል፣ የቦሌን የ11 ሰዓት ትራፊክ ደግሞ አያውቀውም። ሰፈሩን የሚያውቅ ሞተረኛ ዝርዝሩን ተቀብሎ መጋዘኑ ወለል ላይ ዕቃውን ሲደረድር በሦስት ደቂቃ የተሻለ ይሠራል።

ኤክሴል መግዛት የማይፈልግ ሊብሬኦፊስን ያውርድ። ካልክ የሚባለው ክፍሉ ውስጥ ያው ፎርሙላ ኢቲኤስ.አድ በሚል ስም አለ፣ በነጻ ነው፣ ዑደቱን በማባዛት የሚሠራ ኢቲኤስ.መልት የሚባል ወንድምም ጨምሮለታል፤ በፍጥነት ለሚያድግ ድርጅት ኤክሴል የጎደለው ይኸው ነው። ጉግል ሺትስ ላይ ፎርካስት የሚል ፎርሙላ ታገኛላችሁ፣ ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚሰምረው፣ ሰኞንና እሑድን አይለይም።